በጨርቅ የተጠቀለለው ስኳድራ

በእኛ ወርክሾፕ «ብርሃን አለው» ከተባለብህ አለቀልህ። ሌላው ሰው ብርሃን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የእኛ ሰልጣኞች ግን ቃሉን ሲሰሙ ጉልበታቸው ይከዳቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርክሾፓችን ወጣቶችን በሥራ ላይ የሚያሰለጥን የብረት ሥራ ቤት ነው። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከአንድ ጥሬ ብረት፣ በሞረድ ብቻ፣ ስድስቱም ፊቱ እኩል፣ ጥጉ ሁሉ ቀጥ ያለ ኩብ ይሠራል። የመጫወቻ ዳይስ ይመስላል፤ ግን መዳፍ ይሞላል። ማሽን መንካት የለም። ብረቱን ሞርሳ በሚባለው መንከሻ ላይ ጥርቅም አድርጎ ማሰር፣ መሞረድ፣ መለካት፣ እንደገና መሞረድ ነው። ያንን ያላለፈ ወደ ማሽኖቹ ዝር አይልም። ኩቡን የሚለኩት ደግሞ ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ ስል ዋና ባለሙያችንን ነው። ከኋላቸው «ጋሽ ስኳድራ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን እንኳን በቅጽል ስም ልንጠራቸው ማስነጠስም እንፈራ ነበር። ስኳድራ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ ሁለት የብረት ክንድ ያለው፣ አንድ ጥግ ቀጥ ማለት አለማለቱን የምናይበት። የጋሼ ስኳድራ ከራሳቸው አሰልጣኝ የወረሱት ነበር። በዘይት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጠረጴዛቸው የላይኛው መሳቢያ ይቀመጣል። ከፈተና ቀን በቀር አይወጣም፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም።

የፈተና ቀን ኩቡን ይዘው ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። እፍ ይሉታል። ስኳድራውን ጥጉ ላይ ያሳርፉና ወደ ላይ አንስተው አንድ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። በብረቱና በስኳድራው መሃል እንደ ፀጉር የቀጠነች ብርሃን ካለፈች «ብርሃን አለው» ይላሉ። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። ኩቡን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ሹል መምቻ ብረት መሃሉ ላይ ተክለው በመዶሻ አንዴ ነካ ያደርጉታል። የምስር ፍሬ የምታክል ጉድጓድ ትቀራለች። ያ ኩብ አበቃለት ማለት ነው። ሰልጣኙ አዲስ ጥሬ ብረት ተቀብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ የተመታበት ሰው ብዙውን ጊዜ ቱታውን አጥፎ ይሄዳል።

የተመቱትን ኩቦች ጋሼ አይጥሏቸውም ነበር። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለው፣ የባለቤቱን ስም በእርሳስ ጽፈው፣ በታችኛው መሳቢያ ይደረድሯቸዋል። መሳቢያው ከመክበዱ የተነሳ ሁለት ሆነን ነበር የምንከፍተው። አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንደማይጥሏቸው ብጠይቃቸው፣ «የሰው ልጅ የደከመበትን ምን ብዬ ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ?» አሉኝ። እንግዲህ ጋሼ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። ድካምህን አያሳልፉልህም፤ አይጥሉብህምም።

እኔ ምክትላቸው ነበርኩ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከሞረድና ከመዶሻ የቱ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ገባሁ፤ ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። እንጀራዬ ብቻ ሳይሆን አካሄዴ፣ አነጋገሬ፣ ኮቴን የምሰቅልበት መንገድ ሳይቀር ከሳቸው የመጣ ነው። ሚስቴ «ቤት ውስጥ ሁለተኛ ጋሼ አያስፈልገኝም» እያለች ትቀልድብኛለች። አሁን የምጽፈውን ግን ለእሷም ለብዙ ዓመት አልነገርኳትም።

ኩቡን ሳያልፉ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ልጆች ከመብዛታቸው በፊት፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወርክሾፑ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጋሼን ቢሮ ጠርተዋቸው ቸኩለው ሲሄዱ የላይኛውን መሳቢያ ሳይገፉት ቀርተዋል። ያን ጊዜ ምክትል ከሆንኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ስኳድራውን አንድ ጊዜ መያዝ ብቻ ፈለግኩ። ጨርቁን ፈታሁት። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እንደሳቸው እፍ አልኩ፤ እንደሳቸው አንድ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ ድምፄን አጎርንቼም «ብርሃን አለው!» አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ እንደ ሕፃን የመጫወት ነገር ምን እንደሚባል አላውቅም። ወዲያው በሩ ሲጥጥ አለ። ደነገጥኩና ስኳድራው ከእጄ አምልጦ በጫፉ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

በሩን የነካው ንፋስ ነበር። ስኳድራውን አንስቼ አገላብጬ አየሁት። ምንም የለውም። አልተጫረም፣ አልተሸረፈም፣ ያው የጋሼ ስኳድራ ነው። ጠርጌ፣ እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአራተኛው ቀን ማንም ምንም እንዳላለ ሳይ ተውኩት። በሳምንቱ ጋሼ መሳቢያውን መቆለፍ ጀመሩ፤ ክፍቱን ትተውት መሄዳቸው ራሳቸውን አናዷቸው ኖሯል።

በቀጣዩ ዓመት ቀጮ ገባ። ቀጮ የጋሼ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ቱታው ውስጥ ፈልገን ስለምናጣው ነበር። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደጉት ጋሼና እናቱ ናቸው። አራተኛው ሞርሳ ላይ መደቡት። እንደሱ ያለ የሞረድ እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሌላው ሲሞርድ ብረቱ ይጮኻል፤ የቀጮ ሞረድ ግን ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ እኩል እኩል የሆነ ድምፅ ነበረው። ዐይንህን ጨፍነህ ከአሥራ ሁለቱ ሞርሳዎች መሃል የሱን ትለየዋለህ።

የመጀመሪያ ኩቡን ሲያቀርብ ሁላችንም ማለፉን እንደ አለቀ ነገር ቆጥረነው ነበር። ጋሼ አነሱት፤ «ብርሃን አለው» አሉ። ሁለተኛውንም አሉ። ሦስተኛውን የሠራው ሁለት ወር ሙሉ ነው። ጋሼ አይተው መዶሻውን ሲያነሱ፣

«አጎቴ፣ እባክህ እንደገና እየው» አለ ቀጮ።

«ዐይኔን ነው የምትጠራጠረው?»

«ዐይንህን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን?»

ልጁ መሳቢያውን አየ፤ አጎቱን አየ። ጋሼ ኩቡን መቱት። ቀጮ ቱታውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ አራተኛው ሞርሳ እጀታ ላይ ሰቀለና ወጣ። የዚያን ዕለት ማታ ጋሼ ለእህታቸው «ልጅሽ እጅ አለው፤ ትዕግሥት ግን የለውም» ብለው ነገሯት። ቀጮ ሕንፃ ሲሠራ የሚውል የቀን ሠራተኛ ሆነ። በሰባተኛው ወር ከአምስተኛ ፎቅ መወጣጫ እንጨት ላይ ወደቀና ሞተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ቀጮ በተቀበረ ማግስት ጋሼ ሥራ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ግን አራተኛው ሞርሳ ላይ ሰው መመደብ ቀረ፤ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ሌላም ነገር መጣ። ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። እኔ ስደርስ በሩ አጠገብ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

«ቀድሞኝ የገባ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም ጋሼ። ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው።»

«ሞረድ ሰማሁ።»

አንድ ቀን ሁለት ቀን ቢሆን ጆሯቸው ነው ብዬ አልፈው ነበር። ዓመታት ሲደጋገም ግን በሩ ላይ ስደርስ እኔም ማዳመጥ ጀመርኩ። ውስጡ ጭር ያለ ነው፤ የዘይትና የብረት ሽታ፣ በመስኮቱ የሚገባ የጠዋት ፀሐይ፣ የተደረደሩ ሞርሳዎች። ከበሩ ስወጣ ግን፣ ጀርባዬን ስሰጠው፣ ያ ረዘም ያለ ለስላሳ ድምፅ አንድ ጊዜ ሄዶ የሚመለስ ይመስለኛል። ዞር ስል የለም።

በእነዚህ ዓመታት ወርክሾፑ ሰው አልበረክትልህ አለው። ይገባሉ፣ አንድ ዓመት ይደክማሉ፣ ይወጣሉ። ሥልጠናውን የሚያስተዳድረው ቢሮ ያልሞከረው የለም። ምሳ ጨመሩ። ትራንስፖርት ጨመሩ። ወላጆችን ሰበሰቡ። ስለ ጽናት የሚናገር ሰው አምጥተው ሁለት ሰዓት ሙሉ አናገሩት፤ ሰውየው ራሱ ጉሮሮው ደክሞት መጨረሻውን ሳይናገር ሄደ። በሩ ላይ የአስተያየት ሳጥን ሰቀሉ፤ ስንከፍተው የሙዝ ልጣጭ አገኘንበት።

ባለፈው ዓመት ቢሮው አዲስ ሴትዮ ላከ። ፋይል በብብቷ ይዛ፣ ሲሚንቶው ላይ በተረከዝ ጫማ ቋ ቋ እያለች ስትገባ «ደግሞ ይቺ ምን ልትጨምርልን ነው» ብዬ ነበር። እሷ ግን ምንም አልጨመረችም፤ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ድሮ እዚህ ከገቡት አሥር ልጆች ስምንቱ ይጨርሱ ነበር። አሁን ሦስቱ ናቸው። ምን ተፈጠረ?»

«የዛሬ ልጆች ናቸዋ!» አሉ ጋሼ። «ስልክ እንጂ ሞረድ መያዝ የሚችል ጣት የላቸውም።»

«እሺ፤ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው የዛሬ ልጆች የሆኑት?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እሷ ግን የምሯን ነው። ከፋይሏ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በየዓመቱ ስንት ገብቶ ስንት እንደጨረሰ ያሳያል። መስመሩ ለብዙ ዓመት ደልደል ብሎ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ዘጭ ይላል። በእስክሪብቶዋ ያንን ቦታ ነካችው። «ከዚህ ጀምሮ ነው» አለች። በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት።

«ሌላም የገረመኝ ነገር አለ» አለች። «ከዚያ ወዲህ ኩቡን ያለፉት ልጆች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የፈረሙላቸው ምክትልዎ ናቸው።»

ይህንንስ ሁሉም ያውቃል። ጋሼ በየዓመቱ አንድ ወር ለወገባቸው ሕክምና ይሄዳሉ። በዚያ ወር የምለካው እኔ ነኝ፤ በራሴ ስኳድራ። ሰልጣኞቹ «የወገብ ወር» ይሉታል፤ የጋሼ ወገብ ቀደም ብሎ እንዲያማቸው ስለት የሚሳሉም ነበሩ።

«እሱማ ሆደ ቡቡ ነው» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «ልጅ ሲያለቅስ ማየት አይችልም።»

እኔም ለአሥራ ሁለት ዓመት ያመንኩት ይህንኑ ነው። ኩብ ሳነሳ ብርሃን አላይም ነበር፤ አለማየቴን የዐይኔ ልፍስፍስነት አድርጌ ቆጥሬው እያፈርኩ እፈርም ነበር። የዚያን ቀን ግን ወረቀቱ አጠገብ ቆሜ ሲሚንቶው ላይ የወደቀውን የስኳድራ ድምፅ ሰማሁት። ጆሮዬ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቶ የነበረ ይመስል ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ሴትዮዋ ስትሄድ የነገረችን እንዲህ የሚል ነው፤ በዚያ ዓመት ከገቡት አሥራ ሁለት ልጆች ቢያንስ ስድስቱ ኩቡን ካላለፉ ሥልጠናው ይዘጋል። አምስቱ በወገብ ወር አልፈዋል። ስድስቱ ወጥተዋል። የቀረችው አንዲት ልጅ ናት።

ስሟ ጥያቄ ነው፤ ማለቴ እኛ ያወጣንላት። ገና በገባች ዕለት «ሞርሳ ለምን ሞርሳ ተባለ?» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ አላባራችም። ቢሮው ባዶ ሞርሳ እንዳይኖር ስላዘዘ አራተኛው ላይ የተመደበችው እሷ ናት። ጋሼ ሲሰሙ የተከመረውን ዕቃ ራሳቸው አንስተው ሞርሳውን በጨርቅ ጠረጉላት። በወገብ ወር እናቷን ስታስታምም ስለነበር ሳትፈተን ቀረች። ከዚያ ሁለት ጊዜ ጋሼ ዘንድ ቀረበች፤ ሁለቴም ተመታባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞርሳዋ ላይ ተደፍታ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ጋሽ ምክትል፣ ሦስቱን ጥግ እሳቸው እንደሚሉት ሳደርገው አራተኛው ይበላሻል። አራተኛውን ሳቀና የመጀመሪያው ይበላሻል። እየዞርኩ እየዞርኩ ብረቱ አለቀ እኮ። በቃኝ። አክስቴ ሱቋ ውስጥ ልታስገባኝ ነው።»

የተጣመመ ስኳድራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀጥ ያለ ኩብ በሱ ሲለካ ሁልጊዜ ብርሃን ያሳያል፤ በሱ ልክ ልሥራ ካልክ ደግሞ አራቱ ጥግ መቼም አይገጥምልህም። ብረቱ እስኪያልቅ ትዞራለህ።

ያን ጊዜ ሄጄ ለጋሼ መናገር ነበረብኝ። ሠላሳ እርምጃ ነው። አልሄድኩም። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንዱን ብናገር ሌላው ይከተላል፤ ስኳድራው፣ ከዚያ የወጡት ልጆች፣ ከዚያ ቀጮ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ የልጆች አባት ሆኜ፣ ፈራኋቸው። ያደረግኩት ነገር ያሳፍረኛል። ልጅቷን አስነስቼ የራሴን ስኳድራ ሰጠኋት።

«አንድ ነገር ላሳይሽ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ዝርግ ብረት ላይ ስኳድራውን አስደግፊና መስመር አስምሪ። አሁን ገልብጪው። ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር አስምሪ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ስኳድራው ደህና ነው። ከተለያዩ ጠማማ ነው። ማንኛውም ስኳድራ እንዲህ ይፈተናል።»

አስምራ ገለበጠችው፤ መስመሮቹ ተደራረቡ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ማንኛውም? የጋሼም?»

«እኔ ምንም አላልኩም» አልኩና ሄድኩ። ጎበዝ ማለት እኔ ነኝ! የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከፊቴ አሰልፌ ከኋላዋ ተደበቅኩ።

የፈተናዋ ቀን ያለፉት አምስቱም ሥራቸውን ትተው ቆመው ነበር። ጋሼ ኩቧን ወደ መስኮቱ ወሰዱ። እፍ አሉ። አነሱት። ቆዩበት፤ እንዲያልፍላቸው የፈለጉ ይመስለኛል።

«ብርሃን አለው» አሉ።

ኩቡን አስቀምጠው መምቻውን ሲያነሱ ልጅቷ እጇን ኩቡ ላይ ጫነች።

«እጅሽን አንሺ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ከመምታትዎ በፊት ስኳድራውን ይገልብጡት።»

ጣራው ይናዳል ብዬ ጠበቅኩ። ጋሼ ግን እጇን አዩ፤ ከዚያ አሻግረው አራተኛውን ሞርሳ አዩ። መዶሻውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ዝርጉን ብረት ጎትተው አሰመሩ። ገለበጡ። እንደገና አሰመሩ። ሁለቱ መስመሮች ከአንድ ነጥብ ተነስተው እየሄዱ እየሄዱ ተለያዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደገሙት። ሦስተኛም አሰመሩ።

«ማን ነው ያሳየሽ?»

«ራሴ ነኝ» አለች፤ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትል።

እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

ጋሼ የኔን ስኳድራ ጠየቁኝና ኩቧን እንደገና ለኩ። የስድስቱንም ፊት አራት አራት ጥግ። «ጨለማ ነው» አሉ። ያንን ቃል ከእሳቸው አፍ ከሰማን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ወረቀቷ ላይ ፈረሙላት። ልጆቹ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንስተው የጋሼን ፊት ሲያዩ መለሱት።

ከዚያ ሁለት ሆነን የታችኛውን መሳቢያ ከፈትነው። ወረቀቱን እየፈቱ፣ በእርሳስ የተጻፈውን ስም ጮክ ብለው እያነበቡ፣ አንድ በአንድ ለኩ። የእውነት ብርሃን ያለውም ነበር። አሥራ ዘጠኙ ግን ጨለማ ነበሩ። ጋሼ ያላሳለፏቸው አሥራ ዘጠኝ ደህና ኩቦች ጠረጴዛው ላይ መሃላቸው ተበስቶ ተደረደሩ። ያልፈቱት ሦስት ጥቅል ቀረ። ስሙን ማንበብ አላስፈለገኝም። ሦስቱን በጨርቅ ቦርሳ አድርገው፣ «ስኳድራህን ያዝና አብረኸኝ ና» አሉኝ።

እህታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ከጎኑ የተቆራረጡ የተማሪ ዩኒፎርሞች፣ ግድግዳው ላይ የቀጮ ፎቶ። ልጁ ፎቶው ላይ ሊስቅ ሲል የተያዘ ይመስላል። ጋሼ በየእሑዱ እዚያ ቤት ይሄዱ ነበር፤ ስለሱ ግን አንድ ቀን አንስተው እንደማያውቁ ኋላ ነው የሰማሁት።

«ወንድም ጋሼ! ምነው በሥራ ቀን? ደህና ነህ?» ብላ ተነሳች።

«ተቀመጪ። እዚህ መኪናሽ ላይ ቦታ ስጪኝ።»

ሦስቱን ጥቅሎች ፈቱ። ስኳድራዬን አንዱ ላይ አሳርፈው፣ ወደ መስኮቱ አንስተው፣ ለእሷ ሰጧት።

«በዚህ መሃል ምን ይታይሻል?»

አንድ ዐይኗን ጨፈነች። ዕድሜ ልኳን ክር በመርፌ ስታስገባ የኖረች ሰው ናት። «ምንም። ድቅድቅ ያለ ነው።»

ሁለተኛውን ሰጧት፤ ሦስተኛውን ሰጧት። ሦስቱም ላይ ያው ነው። ከዚያ ነገሯት። ስኳድራው ጠማማ እንደነበረ፣ ልጁ የሠራው ከመጀመሪያው ጀምሮ ትክክል እንደነበረ፣ ሦስቴም በከንቱ እንደመቱበት። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተሰበረም፤ እጃቸው ግን የዩኒፎርሙን ጨርቅ ጨብጦ ነበር።

እህታቸው ጣቷን አንደኛው ኩብ ጉድጓድ ላይ አድርጋ፣

«ነግሮኝ ነበር» አለች። «ቱታውን ትቶ የመጣ ዕለት። ‹እማ፣ ስኳድራው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም› አለኝ። በጥፊ መታሁት። ‹አጎትህን ነው ውሸታም የምትለው?› ብዬ መታሁት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የተናገርኩት። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። በሩን ተደግፌ ነበር። መሳቢያው ክፍት እንደነበረ፣ በጋሼ ድምፅ እንደቀለድኩ፣ እንደወደቀብኝ፣ ጠርጌ እንደመለስኩት፣ ልጅቷንም ያሳየኋት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ጋሼ አቋረጡኝም አልቆጡኝም። ስጨርስ፣

«ያኔውኑ ብትነግረኝ በአንድ ቀን አቃናው ነበር» አሉ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁዎት።»

«እኔን?» አሉ። የምር ገርሟቸው ነው። ሰው ሁሉ እንደሚፈራቸው የማያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አዎ፣ አንተን» አለች እህታቸው፤ ዐይኗን ከፎቶው ሳታነሳ። «እኔስ ልጄን ሳላምነው የቀረሁት ማንን ፈርቼ መሰለህ፣ ወንድም ጋሼ?»

እሷ ተነስታ ሦስቱን ኩቦች በዩኒፎርም ቅዳጅ እየጠረገች ፎቶው ሥር ደረደረቻቸው። ከዚያ እንደገና አንዱን አንስታ፣

«ይቺ ቀዳዳ ትደፈናለች?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ትደፈናለች» አሉ ጋሼ። «ቦታው ግን ይታወቃል።»

«ይቅር በቃ» አለችና መልሳ አስቀመጠችው።

ወደ ወርክሾፑ ተመልሰን በሩ ላይ ስንደርስ ቁልፉን ሰጡኝ። «ነገ አንተ ክፈት» አሉ። የተቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ኩቦች ለባለቤቶቻቸው ለማድረስ አምስት ወር ፈጀባቸው። አንዱ ሹፌር ሆኗል፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ በሩን አልከፍት ብሏቸዋል፤ ኩቡን ደጁ ላይ አስቀምጠው መጡ። ዓመቱ ሲያልቅ በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ። አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። ቁጣም ይቅርታም ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ እንደድሮው ስለ ብረት እናወራለን።

ሥልጠናው አልተዘጋም። ዘንድሮ ከገቡት አሥራ ሁለት ልጆች አሥራ አንዱ አልፈዋል፤ አንዱም የወጣው ቤተሰቡ ሌላ ከተማ ስለሄደ ነው። የቢሮዋ ሴትዮ ቅጽ ላከችልኝ። «ለውጡ የመጣው በምንድን ነው?» ይላል፤ ከሥሩ ምርጫ አለ፦ ምሳ፣ ትራንስፖርት፣ ምክር፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ቀጥሎ «ይግለጹ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ሰኞ ሰኞ አዲሱ ሰልጣኝ የዋና ባለሙያውን ስኳድራ ገልብጦ እንደሚፈትን ጻፍኩ። ሌላው በአንድ መስመር አይጻፍም።

አሁን ወርክሾፑን የምከፍተው እኔ ነኝ። ጠዋት ቁልፉን ሳስገባ ውስጥ ያ ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ እኩል እኩል ድምፅ ይሰማኛል። ቀድሞኝ የገባ ሰው እንዳለ ማንንም አልጠይቅም። ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ስኳድራዬን ከጨርቁ አወጣና አራተኛው ሞርሳ ላይ ለቀጮ አስቀምጥለታለሁ፤ ራሱ እንዲገለብጠው።